ያሰቡት ሲቀር በእንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል?



የሰው ልጅ ያሰበው ሁሉ አይሞላለትም። ገበሬው ዝናብ ይጠብቃል፤ ነጋዴው ትርፍ ይጠብቃል፤ ተማሪውም ውጤት ይጠብቃል። የተጠበቀው ሳይመጣ ሲቀር የሚሰማንን ስሜት በአማርኛ ለመናገር ማንም አይቸግረውም። በእንግሊዝኛ መናገር ሲያስፈልገን ግን ብዙዎቻችን ከአንዲት ቃል በላይ የለንም፤ እርስዋንም ያለ ቦታዋ እናገባታለን። እኔም ይህን ትምህርት ለመጻፍ የተነሣሁት ያለ ቦታዋ በገባች አንዲት ቃል ምክንያት ነው። ነገሩም እንደሚከተለው ነው።

ታላቅ እኅቴ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና የወሰደችው በ2016 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በመላው አገራችን ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ይኸው ቍጥር 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። እንግዲህ ያሰበው የቀረበት ተማሪ እጅግ ብዙ ነው፤ እኅቴም ከብዙዎቹ አንዷ ሆነች።

ቤታችን እዚሁ ሐርቡ ነው። ውጤቱ የታወቀ ዕለት እኅቴ ጓዳ ገብታ ተኛች። እናታችን «አብሽሪ ልጄ፤ አላህ ያለው ይሆናል» አሏት። አባታችን ግን ምንም ሳይናገሩ ወደ ማሽላው ማሳ ሄዱ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ እኅቴ ኮምቦልቻ ሥራ ለመጠየቅ ቈረጠች። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ስለ ተፈለገ ወደ እኔ መጥታ፥ «አንተ በእንግሊዝኛ ጐበዝ ነህ ይባላል፤ እኔ በአማርኛ ልንገርህና አንተ ገልብጠህ ጻፍልኝ» አለችኝ።

እርስዋ የነገረችኝ ቃል ይህ ነበር፦ «በፈተናዬ ውጤት ቅር ተሰኝቻለሁ፤ ነገር ግን ለመማርም ለመሥራትም ፈቃደኛ ነኝ።» እኔም «ቅር ተሰኝቻለሁ» ለሚለው ቃል አጣሁለት። ስለዚህ «ተስፋ ቈርጫለሁ» ከሚለው ጋር አንድ ነው ብዬ አሰብኩ። ተስፋ በእንግሊዝኛ «ሆፕ» ነው፤ «ለስ» የሚለው ቅጥያ ደግሞ «የሌለው» ማለት ነው። ሁለቱን አጋጥሜ «አይ አም ኤ ሆፕለስ ስቱደንት» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩላት። እኅቴም ከሥሩ ፈርማ ወሰደችው። አንድ ወር ሙሉ ጠበቀች፤ መልስ አልመጣም። ያልመጣው በእኔ ቃል ምክንያት ይሁን ወይም አመልካች ስለ በዛ፥ የነገረን ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የጽሑፉን ግልባጭ ለእንግሊዝኛ መምህራችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም አንብበው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህን ያነበበ ሰው የሚረዳው ‹እኔ የማልረባ ተማሪ ነኝ› ብላ እንደ ጻፈች ነው» አሉኝ። ማታ ለእኅቴ ስነግራት በመጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ግን ዝም አለች፤ እኔም የምናገረው ጠፋኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኔ የደረሰብኝ በእናንተ እንዳይደርስ ከመምህራችንና ከመዝገበ ቃላት የተማርኩትን ከዚህ በታች በተራ አቀርባለሁ። ወላጆቻችንም እንዲከታተሉት የእንግሊዝኛውን ድምፅ በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ፤ ተማሪዎች ግን የቃላቱን አጻጻፍ ከመዝገበ ቃላት እንድታመሳክሩ አደራ እላለሁ።

1ኛ/ ስለ «ሆፕለስ»

«ሆፕለስ» ስለ አንድ ሁኔታ ሲነገር «ተስፋ የሌለው» ማለት ነው። ስለ ሰው ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ «የማይረባ፥ ነገሩ የማይሆንለት» ማለት ይሆናል። «ሂ ኢዝ ሆፕለስ አት ማትስ» ያለ ሰው፥ «ሒሳብ ፈጽሞ አይሆንለትም» ማለቱ ነው። ስለዚህ ማንም ተማሪ ስለ ራሱ ሲጽፍ ከዚህ ቃል ይጠንቀቅ።

«ተስፋ ቈረጥኩ» ለማለት «አይ ሃቭ ሎስት ሆፕ» ወይም «አይ ሃቭ ጊቭን አፕ ሆፕ» ይባላል። ከዚህም የሚከብደው ቃል «ዲስፔር» ነው። ዳሩ ግን እኅቴ ይህንንም አላለችም። እርስዋ ያለችው «ቅር ተሰኝቻለሁ» ነው። ቅር የተሰኘ ሰው ያጣው የጠበቀውን ያን አንዱን ነገር ነው፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው ግን ገና የሚመጣውንም ትቶታል። ትልቁ ስሕተቴ እነዚህን ሁለቱን አንድ ማድረጌ ነበር።

2ኛ/ ስለ «ዲስአፖይንት»

ለ«ቅር አሰኘ» የሚስማማው ዋናው ቃል «ዲስአፖይንት» ነው። አመጣጡን ያወቀ ሰው አይረሳውም። «አፖይንት» ማለት ሾመ ወይም ቀጠሮ ወሰነ ማለት ነው፤ «ዲስ» ከፊቱ ሲገባ ትርጕሙን ይገለብጠዋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ትርጕሙ «ከሹመት ሻረ» የሚል ነበር። ኋላ «የጠበቀውን አሳጣ» ወደሚለው ተሻገረ። ሹም ሽርን ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህ ለመያዝ አያስቸግርም። በልባችን አንድ ተስፋ ሾመን ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ተሻረ እንደ ማለት ነው።

ከዚህ ቃል ሁለት ቅጽሎች ይወጣሉ፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል።

ሀ) «ዲስአፖይንትድ» ቅር የተሰኘው ሰው ነው። «አይ አም ዲስአፖይንትድ» ማለት «ቅር ብሎኛል» ነው።
ለ) «ዲስአፖይንቲንግ» ቅር የሚያሰኘው ነገር ነው። «ዘ ሪዘልት ወዝ ዲስአፖይንቲንግ» ማለት «ውጤቱ ቅር የሚያሰኝ ነበር» ነው።

አንድ ተማሪ ተሳስቶ «አይ አም ዲስአፖይንቲንግ» ቢል፥ «እኔ ሰውን ሁሉ ቅር የማሰኝ ነኝ» ማለቱ ይሆናል።

ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውም መስተዋድድ መታወቅ አለበት። ቅር ያሰኘን ነገር ሲሆን «ዊዝ»፥ «ባይ» ወይም «አት» ይከተላል። በሰውየው በራሱ፥ በጠባዩ ወይም በሥራው ማዘናችንን ስንናገር ግን «ኢን» እንላለን። «ማይ ፋዘር ወዝ ዲስአፖይንትድ ዊዝ ማይ ሪዘልት» ማለት «አባቴ በውጤቴ ቅር አላቸው» ነው። «ማይ ፋዘር ወዝ ዲስአፖይንትድ ኢን ሚ» ማለት ግን «አባቴ በእኔ በራሴ አዘኑብኝ» ነው፤ ይህም እጅግ ይከብዳል። የተከበራችሁ ወላጆች፥ ይህ ልዩነት በአማርኛም የሚጠቅም ይመስለኛል። «በውጤትሽ ቅር ብሎናል» እና «በአንቺ ቅር ብሎናል» የተባለች ልጅ የምትሰማው አንድ ነገር አይደለም። አባታችን ምንም ሳይናገሩ ወደ ማሳ የሄዱ ዕለት፥ እኅቴ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳታውቅ አደረች። ኋላ አባታችን ያዘኑት በውጤቱ ብቻ እንደ ነበር ነገሯት።

3ኛ/ የቀረው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ስለ መለየት

በአማርኛ «ዝናቡ ቀረ»፥ «እንግዳው ቀረ»፥ «ሥራው ቀረ» እንላለን። «ቅር አለኝ» እና «ቅሬታ» የሚሉት ቃላትም የ«ቀረ» ዘመዶች ይመስሉኛል። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ አነጋገር አለው።

ሀ) «ሌት ዳውን»፦ ቃል ገብቶ ያልፈጸመ ሰው ሲኖር ነው። ጓደኛዬ መጽሐፍ አመጣልሃለሁ ብሎ ቢቀር «ማይ ፍሬንድ ሌት ሚ ዳውን» እላለሁ። የተበደለው ሰው ስም ወይም ተውላጠ ስም በሁለቱ ቃላት መካከል እንደሚገባ አስተውሉ።

ለ) «ፎል ሾርት ኦቭ»፦ አንድ ነገር ከተፈለገው ልክ ሳይደርስ ሲቀር ነው። በቦርከና ወንዝ ዳር ቆሞ ወደ ማዶ ድንጋይ የወረወረን ልጅ አስቡ። ድንጋዩ ማዶ ሳይደርስ ውኃው ውስጥ ቢወድቅ፥ «ኢት ፌል ሾርት» ይባላል። ስለ ፈተና ነጥብ፥ ስለ ምርት፥ ስለ ተዋጣ ገንዘብ ለመናገር የተመቸ ነው። ማንንም ስለማይወቅስ በደብዳቤ ላይ ጨዋ አነጋገር ነው።

ሐ) «ፌይል»፦ ይህን ቃል ሁላችንም በፈተና እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ስለ ዝናብም ይናገርበታል። «ዘ ሬይንስ ፌይልድ» ማለት «ዝናቡ ቀረ» ነው። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰባት ድርቅና ረኃብ ምን እንዳየች አያቶቻችን ይነግሩናል። እንግዲህ ይህ አጭር ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚሸከም ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መ) «ሊቭ አፕ ቱ»፦ ከተወራለት ዝና ወይም ከተጠበቀበት ደረጃ መድረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍራሽ ቃል ጋር ይነገራል። ለምሳሌ የባቡሩን ነገር ልውሰድ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፥ ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር መሥመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነበር። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ጐረቤቶቻችን «ባቡር ሊመጣልን ነው» ሲሉ እሰማ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሥራው ተቋረጠ፤ ንብረቱም ተጐዳ። ይህን በእንግሊዝኛ ስንገልጽ «ዘ ሬይልዌይ ሃዝ ኖት የት ሊቭድ አፕ ቱ አወር ኤክስፔክቴሽንስ» ልንል እንችላለን። እዚህ ላይ «የት» የምትለውን ትንሽ ቃል እዩልኝ። ትርጕሟ «ገና» ነው። «አልሆነም» በማለትና «ገና አልሆነም» በማለት መካከል ያለው ርቀት ቅር በመሰኘትና ተስፋ በመቍረጥ መካከል ያለው ርቀት ነው።

4ኛ/ ስለ ጊዜ

«አይ ሆፕ» ማለት «ተስፋ አደርጋለሁ» ነው። «አይ ሃድ ሆፕድ» ማለት ግን «ተስፋ አድርጌ ነበር» ማለት ሆኖ፥ ነገሩ አለመፈጸሙን ብዙ ጊዜ ከነአነጋገሩ ያስታውቃል። ስለዚህ ቅሬታን በትሕትና መናገር የሚሻ ሰው ይህን ይምረጥ።

እንዲሁም «ወዝ ሰፖዝድ ቱ» ማለት «ይህን ማድረግ ነበረበት፤ ነገር ግን አላደረገም» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። «ዘ ባስ ወዝ ሰፖዝድ ቱ ካም አት ሰቨን» ብንል፥ «አውቶቡሱ በሰባት ሰዓት መምጣት ነበረበት» ማለታችን ነው። ሰባት ሲባል በፈረንጅ አቈጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ ጧት ከሆነ በእኛ አንድ ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው አውቶቡሱ ሳይሆን ራሱ ይቀራል።

5ኛ/ ጥፋቱ የራስ ሲሆን

ያሰብነው የቀረው በራሳችን ስንፍና ወይም ስሕተት ከሆነ ስሜቱ ጸጸት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሪግሬት» ይባላል። ጸጸትን ለመግለጽ ሁለት መንገዶች አሉ።

ሀ) «አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ ሃርደር»፦ «ምነው ከዚህ የበለጠ ባጠናሁ ኖሮ» ማለት ነው።
ለ) «አይ ሹድ ሃቭ ቼክድ ዘ ወርድ»፦ «ቃሉን መመርመር ነበረብኝ» ማለት ነው። ይህ የራሴ ዐረፍተ ነገር ነው።

ለሌላ ሰው «ዩ ሹድ ሃቭ» ብሎ መናገር ግን ወቀሳ ነው። በአማርኛ ለታላቅ ሰው «እንዲህ ማድረግ ነበረብዎ» ብለን በቀጥታ እንደማንናገር ሁሉ፥ በእንግሊዝኛም ለመምህር ወይም ለአሠሪ እንዲህ ከማለት መቈጠብ ይገባል።

6ኛ/ ሌሎች ሊታወቁ የሚገባቸው ቃላት

«ዲስከሬጅድ»፦ «ከሬጅ» ወኔ ነው፤ እንግዲህ ወኔው የቀዘቀዘ ማለት ነው። ተስፋው ገና አልጠፋም፤ ነገር ግን ጕልበቱ ደክሟል።
«ፍረስትሬትድ»፦ መነሻው «በከንቱ» የሚል የላቲን ቃል ነው። ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ የተዘጋበትና የተናደደ ሰው ነው።
«ክረስትፎለን»፦ «ክረስት» በአውራ ዶሮ ራስ ላይ የሚቆመው ጕልላት ነው። በጠብ የተሸነፈ ዶሮ ጕልላቱን እንደሚጥል፥ በኵራት ሲጠብቅ የነበረ ሰው ያሰበው ሲቀርበት ይህ ይባላል። በአማርኛ «ኵም አለ» የምንለው ነው።
«አንቲክላይማክስ»፦ «ክላይማክስ» በጽርዕ መሰላል ማለት ነው። ብዙ የተጠበቀ ነገር መጨረሻው ተራ ሆኖ ሲገኝ ይህ ቃል ይነገራል። ለበዓል አንድ ወር ተዘጋጅተን በዓሉ በዝናብ ምክንያት በግማሽ ሰዓት ቢያበቃ እንደ ማለት ነው።

7ኛ/ ስለ ጨዋ አነጋገር

«አይም አፍሬድ» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ «ፈራሁ» ማለት አይደለም። የማያስደስት ነገር ከመናገር በፊት የሚቀድም የትሕትና ቃል ነው፤ «ይቅርታ ይደረግልኝና» ከሚለው አማርኛ ጋር ይቀራረባል። እንግሊዞች ቅሬታቸውን አሳንሰው መናገርም ይወዳሉ። «ኢት ወዝ ኤ ቢት ዲስአፖይንቲንግ» ሲሉ፥ ቃል በቃል «ጥቂት ቅር ያሰኛል» ቢሆንም፥ ብዙ ያዘነ ሰው የተናገረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማርክ ስትቀበሉ ይህን የመሰለ ቃል ከጐኑ ተጽፎ ብታገኙ ቀላል ነው ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ እኅቴ ማመልከቻ ልመለስ። ከመምህራችን ጋር ሆነን ያረምነው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«ኦልዞ ማይ ሪዘልት ፌል ሾርት ኦቭ ዋት አይ ሃድ ሆፕድ ፎር፥ አይ አም ሬዲ ቱ ለርን ኤንድ ቱ ወርክ።»

ይህም «ውጤቴ ተስፋ ካደረግሁት ባይደርስም፥ ለመማርም ለመሥራትም ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። እኅቴ ይህን ይዛ ለሌላ ቦታ አመለከተች። እውነቱን ለመናገር እዚያም አልተቀጠረችም። አሁን ኮምቦልቻ ሙያ በመማር ላይ ትገኛለች። ሆኖም በሁለተኛው ወረቀት ላይ የፈረመችው «የማልረባ ነኝ» በሚል ቃል ሥር አይደለም፤ ይህም ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ሆነልኝ።

መልመጃ

ከዚህ በታች ላሉት አሳቦች ተስማሚውን የእንግሊዝኛ ቃል ምረጡ።

1. ጓደኛህ በቀጠሮው ሳይመጣ ቀረ።
2. ለትምህርት ቤት የተዋጣው ገንዘብ ከሚፈለገው አነሰ።
3. ብዙ የተወራለት ጨዋታ ያለ ጎል በድካም አለቀ።
4. ባለማጥናትህ ተጸጸትህ።
5. ውጤቱ ቅር የሚያሰኝ ነበር።

መልስ፦ 1. ሌት ዳውን። 2. ፎል ሾርት ኦቭ። 3. አንቲክላይማክስ። 4. አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ። 5. ዲስአፖይንቲንግ።

በመጨረሻም አንድ ቃል ጨምሬ ልፈጽም። ያሰበው የቀረበትን ሰው በወሎ «አብሽር» ወይም «አብሽሪ» እንለዋለን። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን የደስታ ወሬን ተስፋ አድርግ፥ በርታ እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ለዚህ «ቺር አፕ» ወይም «ዶንት ሉዝ ሃርት» ይባላል፤ ፈተና ለወደቀም «ቤተር ላክ ኔክስት ታይም» ይሉታል። ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን እናታችን በዚያ ቀን በጓዳው በር ቆመው የተናገሩትን ያህል የሚሞላልኝ ቃል እስካሁን በመዝገበ ቃላት አላገኘሁም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ዘንድሮ ለፈተና የምትቀርቡ ሁሉ ያሰባችሁት እንዲሞላላችሁ እመኛለሁ። ባይሞላ ግን በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ትክክለኛውን ቃል ተናገሩ፤ «ቅር ብሎኛል» በሉ እንጂ ራሳችሁን «ሆፕለስ» ብላችሁ አትጻፉ።